ለሰው ብለሽ ያላልሽው ቃል

ይድረስ፣ እናታችን ስትሞት እናት ለሆንሽኝ ለእትዬ።

ከሁሉ በፊት ጤናሽን ልጠይቅ። ጉልበትሽ እንዴት ይዞሻል? ብርድ ሲገባ የሚቆረጥምሽ ቀኙ ነበር፤ አሁን ግራውንም ጀመረሽ ወይስ ሁለቱም ማሩሽ? ዓይንሽስ? መርፌ ላይ ክር ለማስገባት ልጆቹን መጥራት ጀምራለች ብሎ ባለቤትሽ የዛሬ ሁለት ዓመት ጽፎልኝ ነበር። ለዚህ ነው ፊደሉን ያጎላሁት። እሱስ ወገቡ ተሻለው? አማትሽ እንዴት ናቸው? ጆሯቸው ጨርሶ ዘጋ ወይስ አሁንም የማይፈልጉትን ብቻ ነው የማይሰሙት? የጓሮው ጎርፍ ዘንድሮም ግድግዳውን ነካው ወይስ በጊዜ ቦይ ቀደዳችሁለት? ልጆቹ ጠገቡ ወይ፣ ተኙ ወይ፣ ታመው ያውቃሉ ወይ? ሁሉንም አንድ በአንድ ብጠይቅሽ ደስ ባለኝ፤ ግን ይህን ያህል ዓመት ዝም ብሎ ከርሞ አሁን ጠያቂ መሆን ያሳፍራል።

እኔ ደህና ነኝ ብዬ አልጀምርም። አንቺን የዋሸሁሽ ይበቃኛል።

የምጽፍልሽ ስልክ መደወል ስለማልችል ነው። ኩራት እንዳይመስልሽ፤ ድምፅ የለኝም። ጉሮሮዬ ውስጥ እባጭ ወጥቶ ነበር፤ ከፍተው አወጡልኝ፣ ድምፄም አብሮት ወጣ። ዛሬ ሃያ ስምንተኛ ቀኔ ነው። የምናገረው በእርሳስና በደብተር ነው። ባለሱቁ፣ መናገር የማይችል ሰው መስማትም የማይችል መስሎት፣ «ሳሙና ነው? ስኳር ነው?» እያለ ጆሮዬ ላይ ይጮህብኛል። አከራዬ ደግሞ ለጎረቤቷ፣ እንዲህ ያለ ጸጥተኛ ተከራይ አግኝቼ አላውቅም ስትል ሰምቻታለሁ። በሳቅ ያለፍኩት እነዚህን ሁለቱን ብቻ ነው።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ብዙውን አውቀሽዋል፤ ግን ከእኔ ሰምተሽው አታውቂም። ፖስታው ላይ ያንቺን ስም ብቻ የጻፍኩትም ለብቻሽ እንድታነቢው ነው።

ከቤታችሁ ወጥቼ ወደዚህ ከተማ የመጣሁት የበኩር ልጅሽ፣ ድንቢጣችን፣ በተቀበረች በአራተኛው ወር ነው። ያኔ ለሥራ ነው ያልኩሽ። እውነቱን ለመናገር ቤቱ አስፈርቶኝ ነበር። እዚህ አንድ ጋራዥ ውስጥ መኪና ማጠብ ጀመርኩ። እያጠብኩ ሳንጎራጉር የሰማኝ መካኒክ ለወንድሙ ነገረው። ወንድሙ የባንድ መሪ ነው፤ ኪቦርድ የሚጫወት፣ ፀጉሩ የሸበተ፣ ከሱ በዕድሜ የሚበልጡት ሰዎች ሳይቀሩ «ጋሼ» የሚሉት ሰው። የሚለማመዱት ከእንጨት መሰንጠቂያ ጀርባ ባለ መጋዘን ውስጥ ነበር። መጋዙ ሲነሳ እናርፋለን፣ መጋዙ ሲያርፍ እንነሳለን። ብናኙ ሻይ ብርጭቆ ውስጥ ሳይቀር ይገባል።

ጋሼ የሚወደው ሶል የሚባለውን ዘፈን ነው። አንቺ ላታውቂው ትችያለሽ፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። ከጸሎት ቤት ወጥቶ ጭፈራ ቤት የገባ፣ ግን ማልቀሱን ያልተወ ዘፈን ብለሽ ያዢው። ዘፋኙ ይለምናል፣ ይቃትታል፣ አንዷን ቃል ይዞ ይቆይና ድንገት ድምፁ ይሰበራል። ጋሼ አሮጌ ሸክላዎች ነበሩት፤ አንዱን በአንድ ከሰዓት ሠላሳ ጊዜ አሰማኝ። ቋንቋውን አላውቀው፣ ምኑን ልስማ ብዬ ብጠይቀው፣ የት ጋ እንደሚተነፍስ ብቻ ስማ አለኝ። ሰባት ወር ይህንን ሠራሁ። ባንዱ ሁሉ ድምፁ አማረ ይላል፤ ጋሼ ብቻ አይጥመውም። አንድ ቀን ዘፈኑ መሀል ላይ እጁን ከኪቦርዱ አነሳ።

«ድምፅህ ቆንጆ ነው» አለኝ። «ቆንጆ ድምፅ ደግሞ በየመንገዱ ሞልቷል። አንተን የት ጋ ነው የሚያምህ?»

እትዬ፣ አላሰብኩበትም። አንቺ ነሽ የመጣሽብኝ።

ድንቢጥ በተቀበረች በሦስተኛው ቀን ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ተመልሶ ነበር። ባለቤትሽ ከጎረቤት የተዋሳችሁትን ወንበሮች ሊመልስ ወጣ። አንቺ ጓዳ ነበርሽ። እኔ የወጣሁ መስሎሻል፤ አልወጣሁም፤ ከግድግዳው ወዲህ ከጆንያዎቹ ኋላ ጋደም ብዬ ነበር። ድንቢጥ እየሮጠች ስትወጣ በሩን ዘግታ አታውቅም። ነፋሱ ዱቄትሽን ይበትነዋል፣ ዶሮዎቹ ይገቡብሻል፣ አንቺም በቀን አሥር ጊዜ «በሩን!» እያልሽ ትጮሂባት ነበር። ያን ቀን አልጮኽሽም። ደጅ ላይ ቆሞ መግባት ለፈራ ልጅ እንደሚነገረው፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ፣ «በሩን ሳትዘጊው ሄድሽ። ነይና ዝጊው። አልቆጣሽም» አልሽ። ቆየት አልሽና ደግሞ፣ «ነይ በቃ፤ አልቆጣሽም» አልሽ።

ለሰው ብለሽ ያልሽው አልነበረም። ቀብር ላይ አላልሽው፣ ለባልሽ አላልሽው። እኔ ሰምቼ እንዳልሰማ ተኛሁ። ተነስቼ አጠገብሽ መቀመጥ ነበረብኝ። ሃያ ዓመት የሞላኝ ጎረምሳ ነበርኩ፤ እንዴት እንደሚቀመጡ አላውቅም ብል ማን ያምነኛል?

መጋዘኑ ውስጥ ያወጣሁት ያንን ነው፤ ቃል በቃል። ዜማም አልነበረውም፤ ጋሼ ከሥር ሁለት ድምፅ ብቻ እየነካ ተከተለኝ። ስጨርስ ድራመሩ በትሮቹን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ መሬት መሬቱን ያያል። አጃቢ ዘፋኛችን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች። «ቀጮ» ነው የምንላት፤ ስሟና ሰውነቷ ከተጣሉ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ጋሼ ቀስ ብሎ፣ ይህ የማን ነው ብሎ ጠየቀኝ።

«የራሴ ነው» አልኩት።

በኋላ የሆነው ሁሉ ከዚህች ቃል የመጣ ነው። የዚያኑ ወር ቀዳነው። ካሴቱ ሲወጣ ሽፋኑ ላይ ግጥም ከሚለው ጎን የእኔ ስም ሰፈረ። ሦስት ወር ሳይሞላ ታክሲው «በሩን»፣ ፀጉር ቤቱ «በሩን»፣ ሠርጉ «በሩን» ሆነ። ሕዝቡ ጥላው የሄደች ፍቅረኛ መሰለችው። ሬዲዮ ላይ ጋዜጠኛው፣ ማናት ይህች ጨካኝ ሲለኝ፣ አንዲት ልጅ ነበረች ብዬ ሳቅ አልኩ። አንዴ ከጀመርኩ ወዲያ መልክ ሰጠኋት፤ ረጅም ናት አልኩ፣ የጎረቤታችን ልጅ ናት አልኩ፣ ፀጉሯን በአንድ በኩል ነው የምትጎነጉነው አልኩ። መንገድ ላይ «ባለበሩ!» እያሉ ይጠሩኝ ጀመር። መድረክ ላይ «አልቆጣሽም» የሚለው ጋ ስደርስ ማይኩን ወደ ሕዝቡ አዞረዋለሁ፤ ሦስት ሺህ ሰው ብርጭቆውን አንስቶ፣ እየሳቀ፣ «አልቆጣሽም!» ይልልኛል።

አልዋሽሽም፣ እትዬ፤ ደስ ይለኝ ነበር። ያን ጊዜ ደስ ይለኝ ነበር።

አንቺ የሰማሽው ወፍጮ ቤት ወረፋ ስትጠብቂ እንደሆነ ከባለቤትሽ ደብዳቤ ነው የገባኝ። የባለወፍጮው ሬዲዮ ሲዘፍን ሴቶቹ ይወዛወዙ ነበር አሉ። አንቺ እህልሽን እዚያው ትተሽ ወደ ቤት ሄድሽ። እሱ ሦስት ቀን አልተናገረችም፣ ምናልባት አሟት ይሆናል ብሎ ጻፈልኝ። እኔ ግን ምን እንዳገኘሽ ወዲያው አወቅኩ። ካንቺ የሚመጣው ደብዳቤ የቀረው ከዚያ ወዲህ ነው።

በዓመቱ የመጣሁትን ቀን አትረሺውም። በመኪና፣ በጥቁር መነጽር፣ ዕቃ ጭኜ ነበር የመጣሁት። ትሰድበኛለች፣ ታባርረኛለች ብዬ ተዘጋጅቻለሁ። አንቺ ወንበር አወጣሽ፤ በቀሚስሽ ጫፍ ጠረግሽውና «ይቀመጡ» አልሽኝ። አፍንጫዬን የጠረግሽልኝ፣ በጀርባሽ ያዘልሽኝ፣ ስንት ቀን በአለንጋ ያባረርሽኝ እኔን «እርስዎ» አልሽኝ። ሻይ አቀረብሽና «ስኳር ይጨመርልዎት?» አልሽ። ባለቤትሽ ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ ፊትሽን ሲያይ ሳቁ አፉ ላይ ቀረ። በጥፊ ብትይኝ ይሻለኝ ነበር። ሻዩን ጠጣሁ፤ እንደ እንግዳ አመስግኜ ወጣሁ። መኪናው ውስጥ ገብቼ ቁልፉን የት እንደማስገባው ጠፋኝ።

ከዚያ ወዲያም መዝፈኔን አልተውኩም። ይህንን ነው ለራሴ እንኳ ማስረዳት የሚያቅተኝ። ተመልሼ ስመጣ ሥራው ይጠብቀኛል፣ ዘፈኑን ይጠይቁኛል፣ እዘፍናለሁ።

የዛሬ አራት ዓመት፣ እሑድ ከሰዓት፣ የአንድ ልብስ ፋብሪካ ሠራተኞች አዳራሽ ውስጥ ዘፈንን። ስንጨርስ አንዲት ሴት ልብስ ወደምንቀይርበት ክፍል ገባች። ልብስ ሰፊ ናት፤ የክር ቁርጥራጭ ትከሻዋ ላይ ቀርቷል። ፊርማ የምትፈልግ መስሎኝ እስክሪብቶ አወጣሁ። እሷ ግን፣ ይሄ የፍቅር ዘፈን አይደለም፣ ይህን የሚለው ልጁን የቀበረ ሰው ነው አለችኝና ያለችው ማናት ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ነኝ የጻፍኩት አልኳት። እላይ እታች አየችኝ።

«አይ፣ አንተ አይደለህም» አለች፤ ወጣች።

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። በሩጫ ተከትዬ ልነግራት ተነስቼ ነበር፤ ጫማዬን አውልቄ ስለነበር ጫማ ፍለጋ ቆየሁ። ያ ሰበብ ነው። ባዶ እግር መሮጥ ይቻላል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ድሮ በራሱ ይሰበር የነበረውን ድምፅ በጉልበት መስበር ጀመርኩ። ሕዝቡ ልዩነቱን አላወቀም፤ እንዲያውም የበለጠ ጮኸልኝ። ጋሼ ብቻ አወቀ። አሁን የምታለቅሰው በጉሮሮህ ነው አለኝ። እሱም ባለፈው ዓመት አረፈ። ዘፈኑ የማን እንደሆነ ሳልነግረው ሬሳውን ተሸከምኩ።

በሽታው ቅጣት ነው አልልሽም። ብዙ ክፉ ሰው ጉሮሮው ደህና ሆኖ ያረጃል። መጀመሪያ ሻከረኝ፣ ቀጥሎ ሳል መጣ፣ ቀጥሎ ደም። ሐኪሙ፣ እባጩ ካልወጣ ያንቅሃል፣ ከወጣም ድምፅህ ላይመለስ ይችላል አለኝ። ቀዶ ጥገናው ሐሙስ ነበር። ረቡዕ ጠዋት፣ ልትናገረው የምትፈልገው ነገር ካለ ዛሬን ተጠቀምበት አለኝ። ደግ ሰው ነው፤ ለሁሉም የሚለው ይመስለኛል።

ረቡዕ ከሰዓት እናንተ ጋ ደወልኩ። ባለቤትሽ ያነሳል ብዬ ነበር፤ አንቺ አነሳሽው። «ማን ልበል?» አልሽ። የምለውን በወረቀት ጽፌ ይዣለሁ፤ ወረቀቱ እጄ ላይ ነው። ያ ሦስት ሺህ ሰው ፊት የሚከፈት አፍ ተለጎመ። ደግመሽ «ማን ልበል?» አልሽ። ከኋላሽ የድስት ክዳን ሲወድቅና አንድ ልጅ ሲስቅ ሰማሁ። ከዚያ ሳሉ መጣብኝ፤ ልይዘው ብል አልቻልኩም። ስጨርስ ዘግተሽዋል ብዬ ነበር፤ አልዘጋሽም። ትንፋሽሽ ይሰማል።

«ሳልህን ታከም» አልሽኝና ዘጋሽው።

ያ ስልክ የእኔ ነበር። «ሳልህን» ነው ያልሽኝ፤ «ሳልዎን» አላልሽም። በማግስቱ ማደንዘዣው እስኪወስደኝ ድረስ ይህችን ስመላለስባት ነበር።

ከሐኪም ቤት በወጣሁ በሳምንቱ ቀጮ ልትጠይቀኝ መጣች። ሙዚቃ ቤቱ ዘፈኑን በእሷ ድምፅ እንደ አዲስ ሊያወጣው ይፈልጋል፤ እንድፈቅድላትና እንዴት አድርጋ እንደምትዘፍነው እንድነግራት ነው አመጣጧ። አልጋዬ ጫፍ ተቀምጣ ብርቱካን ትልጥልኛለች። ደብተሬን አወጣሁና ጻፍኩላት። ጓዳውን፣ ጆንያዎቹን፣ ድንቢጥን፣ ወፍጮ ቤቱን፣ ሁሉንም። ስድስት ገጽ ሆነ። እያነበበች መላጡን ተወችው።

«እና እኔ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከኋላህ ቆሜ» አለችኝ፣ «የሰው ልጅ ቀብር ላይ ስወዛወዝ ኖሬያለሁ በለኛ።»

ቀጮ ራሷ የሁለት ልጆች እናት ናት። ቦርሳዋን አንስታ ቆመች፤ እናትየዋ ሳትፈቅድ አፌን አልከፍትም ብላ ወጣች። ከአፌ ሳይወጣ የኖረው ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ተነገረ። ሰዎች ሲናገሩት ይቀላል ይላሉ። አልቀለለኝም።

በማግስቱ ሙዚቃ ቤቱ ሄጄ ወረቀት ፈረምኩ። ግጥሙ የእህቴ ነው፤ የተባለውም ለሞተች ልጇ ነው፤ እሷ ሳትፈቅድ ማንም አይዘፍነውም፣ አያሳትመውም ይላል። ሥራ አስኪያጁ አንብቦ፣ ይህን አሁን ማውጣት ስምህን ያጠፋል ብሎ መከረኝ። ሰውየው የተናገረው ከልቡ ነው፤ ክፉ አይደለም። ፈርሜ ሰጠሁት። ቅጂው ከዚህ ደብዳቤ ጋር ታጥፎ አለልሽ። ቀጮ የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ በአውቶቡስ ልትመጣ ትፈልጋለች። ልታግባባሽ አይደለም፤ ከአፍሽ ልትሰማ ነው። አይሆንም ካልሻት በመጣችበት ትመለሳለች፤ ዘፈኑም እዚያው ይቀበራል። እሺ በያት ብዬ አልለምንሽም፤ እምቢ በያት ብዬም አልመክርሽም። በዚህ ነገር እኔ ምክር የለኝም።

ይቅርታ ለመጠየቅ አራት ወረቀት ጽፌ ቀደድኩ። በእኔ እጅ ሲጻፍ ቃሉ ሁሉ ዘፈን ዘፈን ይሸታል። ስለዚህ እንዲሁ ልበለው፤ የወሰድኩብሽ እኔ ነኝ፣ እያወቅኩ ነው የወሰድኩት፣ ስትጎጂም እያየሁ አልመለስኩልሽም። ከተቆጣሽኝ ተቆጪኝ፤ የቁጣሽን ያህል ጻፊልኝ፤ አንዲት ፊደል ሳልዘል አነበዋለሁ።

አንድ ወሬ ቀረኝ። ሐኪሙ ያወጣውን እባጭ አስመርምሮ ጥሩ አይደለም ብሎኛል። ሥሩ ወደ ታች ወርዷል። የዛሬ ሁለት ሳምንት ግድም፣ ሰኞ፣ ደግመው ይከፍቱኛል። እተርፋለሁ ወይ ብዬ ጻፍኩለት፤ መነጽሩን አውልቆ ሲጠርግ ቆየ፣ መልሶ አደረገው፣ ሌላ ነገር አነሳ። ትናንት ፎርም ስሞላ የቅርብ ዘመድ የሚል መስመር አለ። ባለፈው የአከራዬን ስም ነበር የጻፍኩት። አሁን ያንቺን ስምና የቤታችሁን ስልክ ጻፍኩ። ዝምድና በሚለው ላይ «ያሳደገችኝ እህቴ» ልጽፍ ስል ጸሐፊዋ ቦታው ጠባብ ነው፣ እህት ብቻ ይበቃል አለችኝ። ፊደሉን አሳንሼ ሁሉንም አስገባሁት። ይህንንም ሳልጠይቅሽ ነው ያደረግኩት። ከሐኪም ቤት ከደወሉልሽ አትደንግጪ። ሬሳ ውሰጂ ቢሉሽ የመንገዱ ርቀት አያስጨንቅሽ፤ እዚያው ቅበሩት በያቸው፤ ቀጮ ታስቀብረኛለች። አላውቀውም ብትያቸው ግን ያን መስመር ባዶ ይተዉታል፤ እኔም አልከፋም።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ይህን ሁሉ ዓመት ወሬያችሁን ያላስቀረብኝ እሱ ነው፤ ወገቡ ካልተሻለው ከባድ እንዳያነሳ። አማትሽን ጉልበት ስመሽ ስሜን ጆሯቸው ላይ ጩኺልኝ። ለትልቁ ልጅሽ፣ ቁመቱ አባቱን አልፏል ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ሰላም በይልኝ። ለመካከለኛው፣ ጥርሱን ሰብሮ የነበረው፣ ሰላም በይልኝ። እኔ መጥቼ ከሄድኩ በኋላ ለተወለደችውና ዓይኗን አይቻት ለማላውቀው ለትንሿም ሰላም በይልኝ፤ ስልኩ ላይ የሳቀችው እሷ ከሆነች፣ ሳቋ ደርሶኛል።

አንቺ ያሳደግሽው ወንድምሽ።

ከሐኪም ቤቱ ትይዩ፣ ከአከራዬ ቤት የላይኛው ክፍል፤ ሐሙስ ከሰዓት፣ ከቀዶ ጥገናው በሃያ ስምንተኛው ቀን።